ከብቶቹ ሲገቡ

ዶክተር ሃያት ቀዝቃዛውን ጄል በሽማግሌው ዓይንና ጆሮ መካከል ቀብታ የአልትራሳውንዱን ጫፍ ታስጠጋለች። «ቢስሚላህ» ትላለች ለራሷ። መጀመሪያ ምንም የለም። እጇን ትንሽ ስታዘነብል ክፍሉ በድምፅ ይሞላል፤ ሿ... ሿ... ሿ...፣ ነፋስ በረጅም ሣር ላይ እንደሚሄድ።

«ይሄ ምንድነው?» ትላለች ጉያቱ፣ የሽማግሌው ሚስት።

«ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም ነው፣ እማማ።»

ሽማግሌው ጃልዴሳ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን ያያል። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ቃል አልወጣውም፤ እጄን ጨብጥ ሲሉትም አይጨብጥም። ታናሽ ወንድሙ ዶዮ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ አገራቸው ወደ ሊበን የሚመልሳቸው አይሱዙ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ሞተሩን አላጠፋም።

«ጉያቱ፣ ወንድሜ የለም አልኩሽ። እቤቱ ገብቶ ይረፍ። ከባዶ ቤት ጋር እስከ መቼ ታወሪያለሽ?»

«የሚሰማ ከሆነ እዚህ ቆይቶ መናገር እናለማምደዋለን ብላለች ዶክተሯ። ዝም በል እስቲ።»

ሃያት የመሣሪያውን ድምፅ ትቀንሰዋለች። «ሐሳባቸውን መስማት አልችልም፣ እማማ። ግን አንጎል ሲሠራ፣ የሚሠራው ቦታ ደም ይጠራል። አስቡ ስንላቸው ደሙ ከፈጠነ፣ ሰምተውናል ማለት ነው።»

ጉያቱ ዱብሉቅ ባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ጎረምሶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃ ሲቀባበሉ ይታያታል። ገንዳው ዳር የተጠማ ከብት ሲበዛ፣ ታች ያለው እጅ ሁሉ ይፈጥናል። «ገባኝ» ትላለች።

ሃያት ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ፣ «አባባ፣ ከብቶችዎን በልብዎ ይቁጠሩልኝ» ትለዋለች።

«ተይ!» ጉያቱ ክንዷን ትይዛታለች። «ከብት ይቆጠራል እንዴ? አስቆጥረሽ ልታስጨርሺብን ነው?»

ዶዮ ሳቅ ያመልጠዋል። «የነጋዴው የከሊፋ ልጅ አይደለች? ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው፤ ስኳርና ሳሙና መስሏት ነው!»

«አስተግፊሩላህ!» ሃያትም ትስቃለች። «ታዲያ አንዷ ብትቀር በምን ታውቃላችሁ?»

«በመልኳ ነዋ። ማታ ማታ የበረቱ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዷን ሲያያት ነው የኖረው» ትላለች ጉያቱ። ከዚያ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ አፏን ወደ ባሏ ጆሮ ታስጠጋለች።

«የሚልኪ አባት። መሽቷል። አቧራቸው ከወዲያ እየመጣ ነው። ማን ናት ከፊት ያለችው?»

የመሣሪያው ድምፅ እንደነበረው ነው። ዶዮ አንገቱን ወደ መኪናው ያዞራል።

ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ድምፁ ይቀጥናል። ይወጣል። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ጀርባውን ቀና ያደርጋል። ጉያቱ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ዳማዋ ገባች፣ ቀንደ ቆልማማዋ ገባች፣ ያቺ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እያየች የምትቆመው ገባች። የክፍሉ ግድግዳ የት እንደሆነ ይጠፋባታል።

«በቃ፣ ይረፉ አባባ» ትላለች ሃያት። ድምፁ ይወርዳል። «እንደገና ይጠይቋቸው፣ እማማ። ባንዴ አላምንም።»

«የሚልኪ አባት፣ ጥጆቹስ?»

እንደገና ይወጣል።

«ሰምተዋል» ትላለች ሃያት።

ዶዮ ኮፍያውን አውልቆ ወንድሙን ለረጅም ጊዜ ያየዋል። «ሹፌሩን ሂድ ልበለው» ብሎ ይወጣል።

ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ድምፁ ግን በራሱ ይነሣል።

«አሁን ደግሞ ምን እያሰቡ ይሆን?»

«መሣሪያሽ አይነግርሽም?»

«እሱን እንኳ አያውቅም።»

«እሰይ፣ ይሄ የራሱ ይሁን» ትላለች ጉያቱ። እጇን ከትከሻው አንሥታ ጭኗ ላይ ታጥፋለች። ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ይወጣል።