የከሰሉ ውሃ

ካውሬ ብርጭቆውን ለእናቱ ሲያቀብላት በመሰብሰቢያው ዳስ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ለማየት አንገቱን አሰገገ። የታራዋ ደሴት የውሃ ጉድጓዶች በሽንት ቤት ፍሳሽ ተበክለው የመንደሩ ልጆች ከተቅማጥ አልወጡ ብለው ነበር። እሱ ያንኑ የሽንት ቤት ዝቃጭ አድርቆ ከሰል አደረገው፤ የጉድጓዱንም ውሃ በከሰሉ አጥልሎና አፍልቶ በበርሜል አቀረበ። የመንደሩ አንጋፋ የሆነችው እናቱ ኔይ ቢሪቦ ካልቀመሰች ግን ማንም አይቀምስም።

«ስንት ዓመት ስጠርግልህ የኖርኩትን ዛሬ በብርጭቆ ልትመልስልኝ ነው?» አለችው። ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ካውሬም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

እናቱ አንዴ ተጎነጨች። ውሃውን አፏ ውስጥ ጥቂት አቆየችና ቀና ብላ ልጇን አየችው። ካውሬ አንገቱን ደፋ። በዚያ ደሴት ያረጀች ሴት የዝናብን ውሃ ከጉድጓድ ውሃ በምላሷ ትለያለች። እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ከበርሜሉ የቀዳ መስሎ የሰጣት ከቤታቸው ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነበር። ለሰው ሁሉ «ንጹሕ ነው፣ ጠጡ» ሲል ከርሞ፣ ለእናቱ ሲሆን ልቡ ፈራ።

«እንዴት ነው ኔይ ቢሪቦ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ምን ያጣድፍዎታል? ገና ጉሮሮዬን ማርጠቤ ነው።»

የቀረውን ጨለጠችና ባዶውን ብርጭቆ ለልጇ ዘረጋችለት። ከዚያ እሱ ብቻ እንዲሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በል አሁን ያንተን ቅዳልኝ» አለችው።

ካውሬ ከበርሜሉ ቀድቶ ተመለሰ። እናቱ እጁን ከነብርጭቆው ይዛ፣ እስኪያልቅ ጠጣች።