አሥራ ሦስተኛው መጽሐፍ

ፈሪሃ መጽሐፉን ገልጣ ገጹን በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች እንጂ ማንበብ አልጀመረችም። ጳጉሜ አራት ነው፤ የቀሩት ስድስት ገጾች ናቸው። ጠዋት አማቷ ለቅሶ ሊደርሱ ወጣ ባሉበት ቀድማ አንብባቸዋለች፤ ባታነባቸው ይሻላት ነበር።

«ምን ይዞሽ ነው? አንብቢያ!» አሉ አማቷ ሐጂራ፣ ደጁ ላይ ከጥላው ሥር ጥጣቸውን እየፈተሉ። «ሰውየውን ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ጥለነው ነው ትናንት የተነሣን። በብርድ ልትፈጂው ነው?»

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላብ እያጠመቃቸው፣ ስለ ጣርማ በር ብርድ መጨነቅ የሐጂራ ነው።

ሰውየው ሹፌር ተፈራ ነው፤ የልብ ወለዱ ሰው። ከአሰብ ጭነት ይዞ ሚስቱ ወደምትጠብቅበት ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ፣ መንገድ ዳር ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ በቀይ መኪናው የሚያሳፍር፣ ምላሱ ስል፣ ራሱ ግን ሆደ ቡቡ። ሐጂራ ፊደል አልቆጠሩም፤ መጽሐፍ ላይ የሰፈረ ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ይኖራል ብለው ያምናሉ። ውሸት ከሆነማ ማን ቀለም ያባክንበታል? ደግሞም ተፈራ ያለፈው በዚሁ በእሳቸው ከተማ አቋርጦ ነው፤ «አንድ ቀይ መኪና አይቼ ነበር እኮ» ብለዋል። ባለፈው ሐሙስ ሴቶቹ ለዱዓ ሲቀመጡ የተፈራን ስም አስጠርተው «መንገዱን ያቅናለት» አስባሉ። ጎረቤታቸው እቴነሽ ይህን ሰምታ፣ «እኔስ ለምን እቀራለሁ?» ብላ ለሚካኤል ሻማ ተሳለችለት። በዚያ መንገድ ከሁለቱም ወገን የተለመነለት ሹፌር ከተፈራ በቀር መኖሩ ያጠራጥራል።

በዓመት አሥራ ሦስት መጽሐፍ የሚለውን ነገር ያመጣው አብዱልፈታህ ነው፤ የሐጂራ አንድያ ልጅ፣ የፈሪሃ ባል። ለየወሩ አንድ፣ ለጳጉሜ ደግሞ ቀጭኑ። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከበሩ ጀርባ አሥራ ሦስት መስመር በከሰል ያሰምርና አንድ ባለቀ ቁጥር አንድ ይሰርዛል። «የአብዮቱ ዕቅድ ባይሳካ የእኛ ይሳካል» ይል ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጥር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት አራቱን ሰርዞ ነበር። «የቀረውን አደራ» ብሏት ሄደ። እሷም ከቀበሌው ንባብ ቤት እየተዋሰች፣ ለአማቷ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ስምንት ሰርዛለች።

ከሚያዝያ ወዲህ ደብዳቤ የለም። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሣም፤ አንዷ ብታነሣው ሌላዋ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ማን ማንን ያባብላል? በእሱ ፈንታ ስለ ተፈራ ያወራሉ። በልቶ ይሆን? ደረብ የሚያደርገው ነገር አለው? ሚስቱስ እንዴት ቻለችው? ሁለት ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው እንዲህ ብቸኛ መሆን እንደሚቻል ለፈሪሃ የነገራት ሰው አልነበረም። ጸሐፊው ደግሞ፣ እጁ አይባረክና፣ ተፈራን ከስድስቱ ገጾች አራተኛው ላይ ይገድለዋል።

«እማዬ፣ ለዛሬ ይቅር? ደክሞዎታል።»

«እኔን ምን አደከመኝ? መንገድ ላይ ያለው እሱ። በይ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ቤቱ ይግባ።»

አነበበች። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት። ለተፈራ ነጋለት፤ ፊቱን ታጥቦ ሞተሩን አስነሣ። አራተኛው ገጽ ላይ ኩርባው መጣ። መሪው እንዴት አልታዘዝ እንዳለው፣ ገደሉ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ፣ ሁሉም እፊቷ ተጽፏል።

«ኩርባውን በሰላም አለፈ» አለች ፈሪሃ።

ቀስ እያለች ቀጠለች። ጉሙ ተገለጠ። ተፈራ ደብረ ብርሃን ገባ፤ ጡሩንባውን ሲያሰማ ሚስቱ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። አቀፈችው፤ «ከሳህብኝ» አለችው። የሌለ ነገር ማንበብ እንዲህ መቅለሉ ፈሪሃን ገረማት፤ አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። ሚስቱ ውኃ አቀረበችለት፣ ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ በመዳፏ ዳበሰች። እሱም ገና ሳይቀመጥ፣ «ስንተኛው መጽሐፍ ላይ ደረስሽ?» አላት።

እንዝርቱ ቆመ። ፈሪሃ ያመለጣትን ያወቀችው ያኔ ነው። አብዱልፈታህ ደብዳቤዎቹን ሁሉ የሚዘጋው በዚህ ጥያቄ ነበር፤ ለሐጂራ ያነበበችላቸውም እሷው ናት።

ትልቁ መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና ወደ ደሴ አለፈ። ሐጂራ ዞር ብለው አላዩትም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ፊደል አላውቅም። ግን ይህን ሁሉ ስታነቢ አንዴም ገጽ አልገለጥሽም።»

ፈሪሃ አንገቷን ደፋች። እንባዋ እንዳያረጥበው መጽሐፉን ከፊቷ ራቅ አደረገች፤ የቀበሌ ንብረት ነው።

«አፉ ይበሉኝ፣ እማዬ…»

«ዝም በይ። እዚያ ላይ ያለውን እንዳትነግሪኝ።»

ሐጂራ ጥጡን ከጉልበታቸው አወረዱ። ጠጋ ብለው ጣታቸውን በምራቅ አራሱና ገጹን ራሳቸው ገለጡ።

«ይኸው» አሉ። «ቀጥይ። ምን ብላ መለሰችለት?»