«የማን ልጅ ነሽ?» አይባልም

የእሳት አደጋ መኪናውን ጎማ እያጠብኩ ሳለ አንዲት ልጅ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ በሩ ላይ ትቆማለች። እሁድ ነው፤ ከተማው ሁሉ ቤተክርስቲያን ገብቷል። ባልደረባዬ ሎኒ ምሳችንን ሊያመጣ ስለወጣ ጣቢያው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ፎጣ ይንቀሳቀሳል።

«እዚህ ይቀበላሉ ብለውኝ ነው» ትላለች። ዓይኗ በሩ ላይ ከተለጠፈው ቢጫ ምልክት አልተነቀለም።

ምልክቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በግዛታችን በኬንታኪ ሕግ፣ አራስ ልጇን ማሳደግ ያልቻለች እናት ለእሳት አደጋ ጣቢያ አስረክባ መሄድ ትችላለች። ፖሊስ አይጠራባትም፣ ስሟ አይጠየቅም፣ ማንም አይከተላትም። አለቃችን ይህን ለሁላችንም ከነገረችን በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርታ ደገመችልኝ። «ዴልመር፣ አደራህን፣ አፍህን ሰብስብ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ ሸለቆ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆኑ ነው። እኔማ መልስ እስኪሰጠኝም አልጠብቅ፤ አገጭና ጆሮ አይቼ ቤተሰቡን እናገራለሁ፣ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም።

እጄን በሱሪዬ እየጠረግሁ እቀርባታለሁ።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ። የማን ልጅ ነሽ?»

ከአፌ አምልጦኝ ነው። ልጅቷ የሹራቧን ቆብ ወደ ፊት ትስባለች፣ ቅርጫቱን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወደ ኋላ መራመድ ትጀምራለች። ከጀርባዋ መንገዱ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ወንዙ። ከዚህ ከተመለሰች ሕፃኑን የት ልታደርገው ነው?

«ይቅር በይኝ» እላታለሁ። አልከተላትም፤ ባልዲውን ገልብጬ እዚያው ቁጭ እላለሁ። «ክፉ ልማድ ነው። መንገድ ላይ ውሻ ባገኝ የማን ነህ ሳልለው አላልፍም። አትመልሺልኝ፣ ስምሽንም አልፈልግም።»

ትቆማለች። ረጋ ብላ ታየኛለች።

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«እርስዎስ የማን ልጅ ነዎት?»

እዚህ የማያውቀኝ ስለሌለ ይህን ከተጠየቅኩ ስንት ዘመኔ። «የቨርና ስተርጂል» እላታለሁ። «እናቴ ትምህርት ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ለራበው ልጅ ደርባ ታቀርባለች እየተባለች ትታማ ነበር። አባቴ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ሳቅ አያውቅም፣ ግን ልጅ መትቶም አያውቅም።»

«እርስዎስ ይማታሉ?»

«እኔ ወሬ እንጂ ዱላ አላውቅም።»

ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሲል ትመልሰዋለች። «እዚህ ነው የሚያድረው?»

«አይደለም። አምቡላንስ መጥቶ ሆስፒታል ይወስደዋል፤ ከዚያ የሚያሳድገው ቤተሰብ ይፈለግለታል። እስከዚያ ግን ከእጄ አላወርደውም።»

የጠየቀችው ሁሉ ተመልሶላታል፤ ሌላ ጥያቄ ስትፈልግ አያታለሁ፤ አታገኝም። ቅርጫቱን ጭኔ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ሲያለቅስ ጀርባውን ሲያሹት ነው ዝም የሚለው» ብላኝ ትወጣለች።

ወደ ላይ ትታጠፍ ወደ ታች፣ መኪና ይጠብቃት በእግሯ ትሂድ፣ አላይም። አንገቴ ዙር ዙር ይለኛል። ሕፃኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ በሬዲዮ አምቡላንስ እጠራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያስቸገረኝ ሥራ የለም።

ላቅፈው ሳነሳው ትንሿ ኮፍያው ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ከቀኝ ጆሮው ፊት፣ መርፌ የወጋት የምትመስል ቀዳዳ አለች። ይህቺ ቀዳዳ ያለችበት ቤተሰብ በሸለቆው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ጆሯቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ። በእሷ በኩል ይሁን በአባትየው አላውቅም፤ ቆቧን አላወለቀችም።

ሎኒ በጓሮ በር ይገባል፤ በእጁ ከቤተክርስቲያን የተላከልን የተጠበሰ ዶሮ ያለበት ትሪ አለ።

«ኧረ! ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ኮፍያውን ቀዳዳዋን እስክትሸፍን ወደ ታች እስባታለሁ። ሕፃኑ ሊያለቅስ ሲል ጀርባውን አሸዋለሁ፤ ዝም ይላል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» እለዋለሁ።

ሎኒ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ያየኛል። ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም።