ፊቷ ዓሣ የሆነባት ሴት

«መዶሻሽን አስቀምጪና መጀመሪያ እኔን አነጋግሪኝ!» አለች ዙልሚራ፣ የሰርዲን ቅርፊት የተለጠፈበት እጇን በሽርጧ እየጠረገች። በፖርቶ ከተማ ዓሣ ተራ ድምፅ የሌላት ሴት ዓሣዋ ይበሰብስባታል፤ የዙልሚራ ዓሣ ደግሞ አድሮባት አያውቅም።

መሰላል ላይ የቆመችው ቤኔዲታ፣ ከሙዚየም የተላከችው የሴራሚክ ጠጋኝ፣ ወደ ታች አየቻት። «እትዬ፣ ምን ላድርግ? ገበያው ሊታደስ ነው። የግድግዳው የሴራሚክ ሥዕል ሙዚየም ይገባል፤ እዚያ ስሕተቱ ታርሞ ይሰቀላል።»

«የባሌን ሥራ ማንም አያርምም!»

ስሕተቱን በዚያ ገበያ የማያውቅ አልነበረም። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሣለችው ሴት ቅርጫት በራሷ ተሸክማለች። ፊቷ መሆን በነበረበት ቦታ ግን ሦስት ሰርዲኖች ተጋድመዋል፤ ከቅርጫቱ ውስጥ ደግሞ ቆንጆ ፊት ፈገግ ብሎ ያያል። ሁለት ሴራሚኮች ቦታ ተለዋውጠው ነው። የለጠፋቸው የዙልሚራ ባል አውሬሊዮ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

ያኔ እሷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከዚሁ ግድግዳ ፊት ለፊት ትሸጥ ነበር። ገበያው በሳቅ ሲያውካካ አውሬሊዮ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣና «ነቅዬ ላስተካክለው» አለ። «የሰው ፊትና ዓሣ መለየት እስክትማር እንዲሁ ይቆይ!» ብላ ያሳፈረችው ራሷ ዙልሚራ ናት። በማግስቱም መጣ፤ በሳልስቱም መጣ። እሱ ሲለምን፣ ሴቶቹ ሲከለክሉት፣ ክረምቱ አለፈና በፋሲካ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲያ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ገበያው «ዓሣ ፊት» ሲለው ኖረ። እሷም ቤት ውስጥ አልማረችውም፤ ጨው ባበዛ፣ ቁልፍ በጠፋው ቁጥር ያን ግድግዳ ታነሣበታለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሾርባውን ይጠጣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፣ የአውሬሊዮ አፍ ዝንብ አይቶ አያውቅም።

ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ያ ስሕተት ከታረመ ከአውሬሊዮ ምን ሊቀር ነው? ዙልሚራን ያስጨነቃት ይህ ነበር፤ ግን ዓሣ ተራ መሐል ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ተሳድባ፣ ተሳድባ ሲደክማት ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

ቤኔዲታም ሥራዋን ቀጠለች። አንዱን ሴራሚክ ለመንቀል ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ወደ ቀትር ሲሆን ቅርጫቱ ውስጥ ካለው ፊት ደረሰች፤ ገና መሮዋን ስታስጠጋው ሴራሚኩ እጇ ላይ ወደቀ። ደነገጠች። ሰርዲኖቹ ያሉበትን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ እሱም ተላቀቀ። ሁለቱን ገልብጣ አየቻቸውና ቶሎ ወረደች።

«እትዬ ዙልሚራ፣ ይምጡ እስቲ። ይህን ይዩ፤ ሌሎቹን ሁሉ ሲሚንቶ ነው የያዛቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ክንዴን አዝለውታል። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ባለቤትዎ ጥቂት ኖራ አስነክተው ነው ያስቀመጧቸው። የትክክለኛ ቦታቸው ቁጥርም ጀርባቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።»

«እና?»

«እናማ ባለቤትዎ አልተሳሳቱም። ሆን ብለው ነው ያለዋወጧቸው። ኋላ መጥተው በቀላሉ ሊነቅሏቸው አስበው ነው።»

«ምን? ዓሣ ፊት አልተሳሳተም?» አለች ጎረቤቷ ዴኦሊንዳ፣ ቢላዋዋን እንዳነሣች።

ዙልሚራ ፊቱ የተሣለበትን ሴራሚክ ተቀበለች። ያን ሁሉ ስድብ፣ ያን ሁሉ ሳቅ፣ ያን ሁሉ ሾርባ አሰበች። «አንተ ውሸታም» አለች።

«ሆን ተብሎ ከሆነ አላርመውም፤ እንዳለ ይሰቀላል» አለች ቤኔዲታ መዝገቧን ገልጣ። «ምክንያቱን ግን መጻፍ አለብኝ። ለምን ይመስልዎታል?»

ቢላዎች ሁሉ ቆሙ። ዙልሚራ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«ተመልሶ ሊመጣ ነዋ» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ጋ። እንዲያ ብለሽ ጻፊ።»

«አልሰማንም! ጮክ በይ!» አለች ዴኦሊንዳ።

ዙልሚራ ሴራሚኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ለቤኔዲታ እንድትመልሰው ሦስት ጊዜ ተለመነች።