አስፋው በር

«ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ እዚሁ በቆምኩበት ደርቄ ልቅር!» አለ አስፋው፣ መዳፉን በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ለጥፎ። «ለአውሮፕላኑ መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ!»

ቅዳሴ አልቆ የሰንበቴው ማኅበርተኛ የግንቡን ጥግ ይዞ ከንፋስ ተጠልሏል። ንፋስ ማለት ደግሞ የዚያን ለቱ ነው፤ በግ ከነግልገሏ አንስቶ ቀየት ገበያ ላይ የሚያወርድ። ከመካከላቸው የአስፋው የእህት ልጅ ውባየሁ ተቀምጧል። አውሮፕላን መንዝን ከሰማይ ላይ ያነሳበትን ትልቅ ፎቶግራፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት አልብሶበታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦግራፊና የካርታ ሥራ የሚማር ከአገሩ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። አስፋው እንደሚለው ግን ከአፍሪካ።

አስተማሪው የሰጠው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነበር፤ የወንዙን፣ የጋራውን፣ የበሩን ስም ከአገሬው ጠይቆ ስሱ ወረቀት ላይ መጻፍ። ነገር ግን ሁለት ሰው ያልመሰከረለት ስም አይቆጠርም። አምና አንዱ ተማሪ ከራሱ ፈጥሮ ጽፎ ተገኘና ከትምህርቱ ተባረረ።

ውባየሁን ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰው የጭነት መኪና ነገ ጎሕ ሲቀድ ከመሐል ሜዳ ይነሳል። ከቆላው ሽቅብ የሚያስወጣው የገደሉ በር ግን እስካሁን ወረቀቱ ላይ ስም የለውም። አገሬው አፉን ለጉሟል። ስም ከተጻፈ ቀላድ ይከተላል፤ ቀላድ ከመጣ ርስቱ በገመድ ተለክቶ ግብር ይቆለልበታል።

«አባ ወልደ አማኑኤል፣ እባክዎ የዚህን በር ስም ይንገሩኝ» አለ ውባየሁ።

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ» አሉ ሽማግሌው ቄስ።

«ስም በዓይን ነው እንዴ የሚጠራው?»

«ጆሮዬም ደክሟል።»

አስፋው መቀመጥ አቅቶታል። ይነሳል፣ ይቀመጣል፤ የበግ ጠጉር ባናውን ይጥላል፣ መልሶ ይደርባል። በጎልማሳነቱ እኩሌታ ላይ ደርሶ ስሙን የሚያስጠራ ልጅ አላገኘም። መንግሥት በሚያትመው ካርታ ላይ የወጣች ስም ግን ንፋስም ዝናብም አይፍቃትም። በሩ በስሙ እንዲጠራ የቀረው ከራሱ ሌላ አንድ ምስክር ብቻ ነው።

«አምና ኅዳር፣ ጉሙ አገሩን እንደ ድፍድፍ ደፍኖታል» ሲል ቀጠለ። «አውሮፕላኑ ከላይ መውጫ ጠፍቶት ያጓራል። እኔ በሩ አፋፍ ላይ ወጣሁ። ጋቢዬን ከዱላዬ ጫፍ አስሬ አውለበለብኩለት። ጉሙ ተቀደደ! ነጂው አየኝና ክንፉን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳኝ።»

«ነጂው? አንተን?» አለ ጎረቤቱ ዳኜ፣ ዳቦውን እያላመጠ።

«ቆቡን አውልቆ!»

«ጥርሱንም ሳታይለት አልቀረህም።»

«ሁለቱ ወርቅ ናቸው።»

ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። ውባየሁም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ዘንበል ብላለች።

አስፋው ልጁ አጉልቶ የሚያይበትን ባለ ሁለት መስታወት መነጽር ነጥቆ ፎቶግራፉ ላይ ተደፋ። «ይኸውልህ! እዚህ በሩ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ እኔ ነኝ!»

«ጋሼ፣ ሰው በዚህ አይታይም። ቤት እንኳ ከምስር አይበልጥም።»

«ተራ ሰው አይታይም! ጻፍ፣ አስፋው በር!»

ውባየሁ እርሳሱን በምላሱ ጫፍ አረጠበ። ሲያመነታ ቆየና ጫን ሳያደርግ ጻፈው። አስፋው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲወጡ አየ፤ ደሙ እስከ ጆሮው ሞቀ። በሩ ላይ ለዘላለም የሚቆም ሌላ አስፋው የተወለደ መሰለው።

«ሁለተኛ ምስክር?» አለ ውባየሁ። የሚለምን ይመስል ነበር። «አንድ ሰው ብቻ።»

ዳኜ ጢሙን ጠራረገ። ለጨዋታ የማይመሰክረው ነገር የለም። «እንግዲህ እኔም ያን ለት በግ ስፈልግ...»

«አልነበረም።»

ጌታነሽ ናት፣ የአስፋው ሚስት። ከሴቶቹ ጋር ጠላ ስታሳልፍ ነበር። ማሰሮውን መሬት ላይ አኖረችና ወደ ልጁ ቀረበች፤ ባሏን ግን አላየችውም።

«ያን ለት እዚያ አልነበረም ውቤ። ፅንሱ ወርዶ ሆዴ ባዶውን የቀረ ለት ነው። ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለም። ጋቢውም እኔ ላይ ነበር። አውሮፕላኑን በድምፁ ብቻ ነው የሰማነው፣ ሁለታችንም ተኝተን። በሐሰት ተገኝተህ ትምህርትህ ሲቀር አላይም።»

የሚያኝከው ማኘኩን ተወ። ለነጂው ጥርስ እንኳ መልስ ያላጣው አስፋው ባናውን ከትከሻው አውርዶ በሚስቱ ትከሻ ላይ አደረገና ከእህቱ ልጅ ጎን ተንበረከከ።

«ውሽንፍር በር ነው ስሙ» አለ ቀስ ብሎ። «ፍቀህ እንደዚያ ጻፍ።»

ውባየሁ ላጲሱን አወጣ። ፊደሎቹ ከመጨረሻው ጀምረው ጠፉ።

«ሁለተኛ ምስክር?» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ቀላዱ ሁሉም ዓይን ላይ ተዘርግቶ ይታይ ነበር።

«ውሽንፍር በር» አሉ አባ ወልደ አማኑኤል፣ ከወዲያ ጥግ።

ልጁ እርሳሱን አነሳ። ንፋሱ ስሱን ወረቀት ከፎቶግራፉ ላይ ሊገነጥለው ሲታገል፣ አስፋው ጥጉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘለት።