ሽታ የሌለው ነጭ ክሬም

ሰብሪያ ልጇን ሚንሃን አዝላ ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የኦቦ ጃራ ሱቅ እንደገና ገባች። ባለፈው የገዛችውን የመላጫ ክሬም ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄም አቃጠለ» አለች።

ኦቦ ጃራ መነጽራቸውን አድርገው ቱቦውን አገላበጡት። አረንጓዴው ሚንት አለበት፣ ሲቀቡት ቀዝቀዝ ይላል፣ ስስ ቆዳን ግን ያስቆጣል አሏት። ከዚያ በፊት የወሰደችው በቆርቆሮ ያለው አረፋ ደግሞ ቆዳ ያደርቃል። ሽፍታው የት እንደወጣ ጠየቋት። አንገትና አገጭ ስር አለች። መላጨቱ በየቀኑ ነው ወይ አሏት። በየቀኑ፣ ጠዋት ሰው ሳይነሳ አለች።

ከላይኛው መደርደሪያ ነጭ ክሬም አወረዱላት። ሽታ የለውም። መጀመሪያ ፊትን በሙቅ ውሃ ማራስ ነው። ክሬሙን ቀብቶ ትንሽ መቆየት፣ ከዚያ ምላጩን ፀጉሩ ወደሚሄድበት መሳብ፣ ሳይጫኑ። ሰብሪያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በቃሏ ያዘችው።

የፉሪ ጎረቤቷ ሙሉነሽ እዚያው ስኳር እያስመዘነች ነበር። ሰበታ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሁሉንም ሰማች።

«የሱፍ ፂሙን ተላጨ እንዴ?»

ሰብሪያ ክሬሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሙሉነሽ ሳቀች። የሰብሪያ ባል የሱፍ ፂሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ሰው ነው፣ ቤቱ ውስጥ ምላጭ የሚባል ነገር የለውም። ያውም በአይሱዙው ከተጂ ጤፍ ሊጭን ከሄደ ሰንብቷል።

ወሬው ከሰብሪያ ቀድሞ ፉሪ ደረሰ።

ሰብሪያ ፉሪ የምትኖረው ከባሏ እናት ከእማማ ከድጃና ከባሏ እህት ከሩዋይዳ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሩዋይዳ ልትዳር ነው። በነሱ ቤት የታጨች ልጅ ሠርጓ እስኪደርስ ከግቢ አትወጣም፣ የጎደላትን የወንድሟ ሚስት ናት የምትገዛላት። ሩዋይዳ ግን ከዚያም አልፋ ቤት ውስጥ፣ ሴቶች ብቻ እያሉ እንኳ፣ ሻርፗን እስከ ከንፈሯ ትጠቀልላለች። እማማ ከድጃ የልጃቸውን ዓይን አፋርነት ለጎረቤት ሲያወሩ ሰብሪያን በነገር ሸንቆጥ እያደረጉ ነው።

ሰብሪያ ገና ልጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ እማማ ከድጃ ቦርሳዋን ነጥቀው ምንጣፍ ላይ ገለበጡት። ክሬሙ ወጣ። መታጠቢያ ቤት ገብተው ከቆርቆሮው ግድግዳ ስር ምላጭ አገኙ። ገና እርጥብ ነው።

«የማን ነው ይሄ?»

ሰብሪያ ሩዋይዳን አየቻት። ሩዋይዳ ቀደመቻት። ወንድሟ እንደማይላጭ፣ እሷ የምታውቀው ነገር እንደሌለ፣ ጠዋት ጠዋት ግን የውሃ ድምፅ እንደምትሰማ ተናገረች። ፉሪ ሱቅ ሞልቶ ሰበታ ድረስ ምን አስኬዳት ብላ ጨመረችበት።

እማማ ከድጃ ክሬሙንም ምላጩንም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ሩዋይዳ ቁልፉን እኔ ልያዝልሽ አለቻቸው። እምቢ አሉ። ለየሱፍ የሚያሳዩት ራሳቸው ናቸው። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሲኦል ሆነ። ሰብሪያ ያበሰለችውን የሚቀምስ ጠፋ። ስታልፍ እማማ ከድጃ መሬት ላይ እንትፍ ይላሉ። ሩዋይዳ ደግሞ ሚንሃን ከእጇ እየነጠቀች ትስማለች፣ ስትስማት ሕፃኗ ትጮኻለች። ሕፃኗ ድሮ እንዲህ አልነበረችም።

«ይቺ ናት ከልጅቷ ያጣላችኝ» ትላለች ሩዋይዳ። «ጡት እያጠባች ስሜን በክፉ ታነሳላታለች።»

የሱፍ ሲመጣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ እናቱ ክሬሙንና ምላጩን ይዘው ወጡ።

«አንተ መንገድ ላይ ነህ፣ ቤትህ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ወንድ ይላጫል። ያውም ቆዳው ስስ ነው አሉ፣ የሚያቃጥል አይወድም።»

የሱፍ ፂሙን እያሻሸ ወደ ሰብሪያ ዞረ። ከዚያ ለማን ነው የገዛሽው አላት።

«በሚንሃ ምያለሁ» አለች ሰብሪያ። «መናገር አልችልም።»

«በልጄ? ለማን ብለሽ ነው በልጄ የማልሽው?»

«ሩዋይዳ ትንገርህ።»

ሩዋይዳ ሻርፗን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። የራስሽን ብልግና እኔ ላይ አታላክኪ አለቻት። ወደ ወንድሟ ዞራ ደግሞ፣ ይቺ ከዚህ ከወጣች በኋላ ብዙ ነው የምትቀባጥረው፣ እንዳትሰማት አለችው።

የሱፍ ወሰነ። ሰብሪያ ቡራዩ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ልጅቷ እዚሁ ትቀራለች።

ሰብሪያ ልጇን እንዳቀፈች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጡት አልተወችም፣ ሌሊት ያለኔ አትተኛም፣ ትታመምብኛለች አለች። እማማ ከድጃ ወተት ይገዛል አሉ። ሰብሪያ አፏን ከፈተች፣ ልጇን አየቻት፣ መልሳ ዘጋችው።

«በልጇ ፊት እንኳ አታፍርም» አለች ሩዋይዳ፤ ጎንበስ ብላ ሚንሃን ከእናቷ እቅፍ ፈልቅቃ ወሰደቻት። ዝም ልታሰኛት ጉንጯን ጉንጯ ላይ ለጠፈች።

ሕፃኗ ጮኸች። ፊቷን ሸሸች፣ ተንፈራገጠች፣ ሻርፑን በሁለት እጇ ጨምድዳ ሳበችው።

ከሻርፑ ስር፣ ሳጥኑ ከተቆለፈ ጀምሮ ያልተላጨ ፂም ነበር።