የድንጋዩ አፍ

ሮም ውስጥ፣ ከወንዙ አጠገብ ባለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አፉን የከፈተ ትልቅ የድንጋይ ፊት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ውሸታም እጁን ቢያስገባበት ይነክሰዋል ይባላል። የከተማው ሰው ለእንግዳ መጫወቻ ትቶታል፤ ሲኞራ ዮላንዳ ግን ምራታቸውን ሚሬላን በጠራራ ፀሐይ እየጎተቱ አመጧት። ልጃቸው ቱሊዮ ከሚስቱ ተጣልቶ በወጣበት ማታ ወንዝ ገብቶ ከሞተ ወዲህ፣ ሁለቱ በሰላም ተያይተው አያውቁም።

«እጅሽን አስገቢ! ልጄን የገደልኩት እኔ አይደለሁም ብለሽ ማዪ!»

ሚሬላ አስገባች። «አይደለሁም» አለች። ምንም አልሆነችም። ተራ የሚጠብቁት ጎብኚዎች አጨበጨቡላት።

«አሁን ደግሞ እርስዎ ይማሉ» አለች እጇን እያወጣች። «የዚያን ዕለት ማታ ቱሊዮ በሬን ሲያንኳኳ አልሰማሁም ይበሉ።»

«ማንን ፈርቼ፣ አንቺ እባብ!» እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱት። «አልሰማሁም!»

ወዲያው ፊታቸው አመድ መሰለ። እጃቸውን ሳብ አደረጉት፤ ኋላም ጉልበታቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ጎተቱ። ሚሬላ ማስመሰል መስሏት ሳቀች። ከዚያ ከድንጋዩ ከንፈር ውሃ ኩልል ብሎ ሲወርድ አየች፤ የወንዝ ጭቃ ይሸታል። ጎብኚዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ሲኞራ ዮላንዳ መጎተቱን ትተው ጉንጫቸውን ድንጋዩ ላይ ለጠፉ። ሚሬላ እንዲህ ሲለማመጡ ሰምታቸው አታውቅም።

«እከፍትልሃለሁ ቱሊዮ፣ አሁን እከፍትልሃለሁ። ልቀቀኝ ልጄ፣ እጅህ በረዶ ሆኗል።»